ታብሌት ሊመጣልን ነው፣ 4ኛ ክፍል ሂሳብ ላይ ለውጥ እንዲያመጣ ምን እናድርግ? (ጅማ፣ የመንግስት ት/ቤት)

መምህርት ከጅሬን፦
ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ናችሁ። ጅማ ውስጥ የመንግስት ት/ቤት አስተማሪ ነኝ፣ 4ኛ ክፍል ሂሳብ ነው የማስተምረው። ድሮ እዚሁ ግቢ የተማሩ ልጆች ተሰባስበው ታብሌትና አንድ ላፕቶፕ ሊልኩልን ነው፣ ለአንድ ክፍል ሲካፈል ሁለት ልጅ በአንድ ታብሌት ይደርሳል። ር/መምህራችን በጣም ተደስቷል እኔም እንደዛው። ግን እቃው መጥቶ ተቆልፎበት እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ ወይ ልጆቹ ዝም ብለው ሲነካኩት ፔሬዱ የሚያልቅ ከሆነ ባይመጣ ይሻለኛል። የምፈልገው የማያውቁትን እንዲያውቁበት ነው።

ልጆቹ እነማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። አብዛኞቹ አባታቸው ጫኝና አውራጅ ወይ የቀን ሰራተኛ ነው፣ እናት ጉሊት ነው የምትሸጠው። የከሰዓት ፈረቃ የሆኑት ጠዋት ሊስትሮ ይሰራሉ፣ ሶፍትና ማስቲካ ያዞራሉ። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ክፍሌ ይሳሳል። ቡና ሲደርስ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ ወደ ዘመድ ጋ ለቀማ የሚሄዱ አሉ፣ ሲመለሱ ትምህርቱ ጥሏቸው ሄዷል።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። 52 ሲቀነስ 27 ብዬ ሰጠሁ፣ የክፍሉ ብዙ ልጅ 35 አለ። 71 ሲቀነስ 48 ስላቸው 37 አሉ። ዝም ብለው ገምተው አይደለም፣ ከ2 ላይ 7 መቀነስ ሲያቅታቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ይቀንሳሉ፣ ሁሌም ከትልቁ ትንሹን። ከአስር ቤት መበደር ላይ ነው የቀሩት ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ ታች ክፍል ሊያልቅ የሚገባው ነገር ነው፣ እኔ ግን መፅሀፉ ክፍልፋይ አስተምሪ ይለኛል። ሰባ ምናምን ልጅ ይዤ ማን የቱ ጋ እንደቀረ ደብተር በማረም ብቻ አልደርስበትም።

እና ጥያቄዬ፣ ምን ዓይነት ሶፍትዌር ይሻላል፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ልጆቹንስ እንዴት ላስቀምጣቸው? ኢንተርኔት የለንም፣ መብራትም ይሄዳል ይመጣል።

ቴክኒሻን ቦሳ፦
እህቴ ለኢንተርኔቱ አታስቢ። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲሰራ ተብሎ ነው የተሰራው። ላፕቶፑ ላይ ትጭኚዋለሽ፣ ተራ የዋይፋይ ራውተር ታገናኚበታለሽ፣ ከዛ ታብሌቶቹ በብራውዘር ከፍተው ይገባሉ በቃ። ካን አካዳሚ የሚባለው ነፃ የትምህርት ድረ ገፅ መልመጃዎች ውስጡ አሉ። ትምህርቶቹ ከበድ ስለሚሉ ጥሩ ኔት ያለበት ቦታ አንዴ ዳውንሎድ አድርገን እናመጣዋለን፣ ከዛ በኋላ ኔት አያስፈልግም።

ለጥያቄሽ ዋናው መልስ ግን ይሄ ነው። ኮሊብሪ ለአስተማሪ የራሱ ገፅ አለው፣ እያንዳንዱ ልጅ በስሙ ገብቶ ሲሰራ የቱን ጥያቄ እንደሳተ ምን ብሎ እንደመለሰ ታያለሽ። ያ 35 ያልሽው መልስ እዛ ላይ ተደርድሮ ይወጣልሻል።

ቪዲዮዎቹ ላይ አትመኪ፣ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው የ4ኛ ክፍል ልጅ አይገባውም። ቁጥር ያለበትን መልመጃ ብቻ መርጠሽ ስጫቸው። ላብ ውስጥ የቆዩ ዴስክቶፖች ካሉ ደግሞ ታክስ ማት የሚባል የሂሳብ ጌም ጫኑበት፣ ከላይ ድንጋይ እየወረደ ላዩ ላይ 8 ሲደመር 7 ምናምን የሚል ነገር አለው፣ ልጁ ድንጋዩ ሳይደርስ መልሱን መምታት አለበት። ቋንቋ አይጠይቅም፣ ለፍጥነት ጥሩ ነው፣ በጣም አሮጌ ማሽን ላይም ይሰራል።

መብራት ላይ ታብሌት መሆኑ ጠቀማችሁ፣ ማታ ቻርጅ አድርጋችሁ ቀን ትጠቀማላችሁ። የጅማ እርጥበት ግን እቃ ይበላል፣ ክረምት ላይ ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ይሁን አየር የሚገባው።

የአጋሮ መምህር፦
እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር ስላለ ልከታተል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ ሃሳብሽ ደስ ይላል፣ ግን እኔ ፕላዝማ ሲመጣ ሁለተኛ ደረጃ አስተምር ስለነበር ልናገር። 1997 ላይ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ መጣ። ብዙ ብር የወጣበት ትልቅ ስራ ነበር፣ ስዕሉም አኒሜሽኑም የሚያምር ነው። ቴሌቪዥኑ ግን ልጁ ገባው አልገባው አይጠብቅም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ሰከንድ ይሰጣል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ይሄዳል። እኛ አስተማሪዎቹ መክፈትና መዝጋት ሆነ ስራችን፣ ጎበዙ ተማሪ ተጠቀመ ደካማው ከጠዋት እስከ ማታ እያየ ዋለ። ከዛ ወዲህ ስንት ነገር መጣ ስንት ነገር ሄደ፣ በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። መሰረቱ ከታች ካልተሰራ ላይ ላይ ማሽን መደርደር ምን ይሰራል? ለኔ የሚሻለው ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ጎበዝ ጎበዝ አስተማሪ መመደብ ነው።

መምህርት ከጅሬን፦
መምህር በጣም አመሰግናለሁ። እርስዎ ያሉት እኔንም ያስፈራኛል፣ ግን የፕላዝማው ችግር ሁሉንም ልጅ በአንድ ፍጥነት መንዳቱ አይደል? እኔ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው፣ መበደር ያልገባው ልጅ መበደር ላይ እንዲቆይ፣ የገባው እንዲያልፍ። ለ1ኛና 2ኛ ክፍል ጎበዝ አስተማሪ ይመደብ ባሉት በፍፁም እስማማለሁ። አሁን 4ኛ ክፍል የደረሱትን ግን ምን ላድርጋቸው፣ እነሱ ወደ ኋላ አይመለሱም።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ ጅማ ነው ያደኩት አሁን ሚኒያፖሊስ ነኝ፣ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ውስጥ ረዳት አስተማሪ ሆኜ ነው የምሰራው። አብዛኛው ተማሪ ገቢው አነስተኛ ከሆነ ቤተሰብ የመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደዚህ ላሉ ት/ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ታይትል ዋን የሚባል የፌደራል ድጎማ አለ፣ ብዙ ት/ቤት በዛ ብር ሶፍትዌር ይገዛል። እና እዚህ እቃ አልጠፋም፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማሽን አለው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2007 ለኮንግረስ የቀረበ ትልቅ ጥናት ነበር፣ 132 ት/ቤቶች ውስጥ 16 የንባብና የሂሳብ ሶፍትዌሮች ተፈትነው ከተጠቀሙትና ካልተጠቀሙት ክፍሎች መሃል ይሄ ነው የሚባል የውጤት ልዩነት አልተገኘም።

እኔ በዓይኔ የማየው ምክንያት አለኝ። አስተማሪዋ ሶፍትዌሩን ልጆቹ ፀጥ እንዲሉላት ስትጠቀምበት ልጁ ስክሪኑ ላይ አፍጦ ይቀመጣል እንጂ አይሰራም። አንዱን ልጅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት፣ አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ነው፣ ሳያነብ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ይነካል፣ አረንጓዴ ሲሆንለት ያልፋል። ሪፖርቱ ላይ ሲታይ ግን ብዙ ጥያቄ የሰራ ጎበዝ ነው የሚመስለው። ስለዚህ እህቴ ምርጫ ያለው ሳይሆን ልጁ ራሱ ቁጥሩን የሚፅፍበትን መልመጃ ምረጪ፣ ወረቀትና እርሳስም ከጎኑ ይኑር፣ ስሌቱን ወረቀት ላይ ሰርቶ ነው መልሱን ማስገባት ያለበት።

ሌላ ደግሞ ሁለት ልጅ በአንድ ታብሌት ያልሽው። ጎበዙ ይይዘዋል ደካማው አንገቱን አስግጎ ያያል፣ ይሄ የትም ሀገር ያው ነው።

ሃደ ኢፋ፦
እኔ ወላጅ ነኝ፣ ልጄ 3ኛ ክፍል ናት በኦሮምኛ ነው የምትማረው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ ግቢው ውስጥ የአማርኛም የኦሮምኛም ክፍል አለ፣ ታብሌቱ ለየትኛው ነው? ሶፍትዌሩ በእንግሊዝኛ ከሆነ የኔ ልጅ ገና ቁቤውን እያጠራች ነው፣ እንዴት አድርጋ ትጠቀማለች? ሁለተኛ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ የሚመጡ ልጆች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፣ ለሆዳቸው ምንም ሳይደረግ ታብሌት ስታዩ ይሄ አያሳስባችሁም? እኔ ተቃውሜ አይደለም፣ ልጄ ኮምፒውተር ብታውቅ ደስታዬ ነው፣ ግን የተቸገረ ሰው የሚጠይቀውን ነው የምጠይቀው።

መምህርት ከጅሬን፦
ሃደ ኢፋ ጥያቄሽ ትክክል ነው። ብሩ ታብሌት ወይ ምግብ ተብሎ ቢሰጠን እኔ ምግብ ነበር የምለው። ምገባ የተጀመረባቸው ቦታዎች ልጆቹ እንዴት እንደማይቀሩ እናውቃለን፣ ወመህ (የወላጅ መምህር ህብረት) ስብሰባ ላይ አንስተነዋል ደግመንም እናነሳዋለን። ይሄ ግን እቃ ሆኖ የተላከ ስለሆነ የመጣውን ደህና አድርገን እንጠቀምበት ነው የምለው። ለየትኛው ነው ላልሽው ለሁለቱም ነው፣ በኔ በኩል ያ ድርድር የለውም። የቁጥር መልመጃ ስለሆነ ቋንቋው ብዙ አያስቸግርም፣ መመሪያውን እኛ በኦሮምኛም በአማርኛም በቃል እንነግራቸዋለን።

የትምህርት ጥናት ተማሪ፦
እዚሁ ዩኒቨርስቲ ማስተርሴን እየሰራሁ ነው፣ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

መምህራችን ያሉት ስጋት መሰረት አለው። ፔሩ ውስጥ ለገጠር ት/ቤቶች ለየልጁ ላፕቶፕ አደሉ፣ 319 ት/ቤቶች ላይ ተጠንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፣ ሂሳብም ቋንቋም ላይ ለውጥ አልተገኘም። ልጆቹ ማሽኑን መጠቀም ለመዱ፣ ትምህርቱ ግን ባለበት ነው የቀረው፣ ምክንያቱም ማሽኑ ለየትኛው ትምህርት በየትኛው ሰዓት እንደሚውል የተሰራ ነገር አልነበረም።

ህንድ ቫዶዳራ የምትባል ከተማ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በድሃ ሰፈር ት/ቤቶች የ4ኛ ክፍል ልጆች፣ ልክ እንዳንቺ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ የሂሳብ ጌም ተጫወቱ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ኮምፒውተር። ጌሙ እንደ ልጁ ደረጃ የሚከብድና የሚቀል ነበር። የሂሳብ ውጤታቸው በደንብ ጨመረ፣ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የታተመው። ግን ፕሮግራሙ ካለቀ ከዓመት በኋላ ሲፈተኑ አብዛኛው ጥቅም ሳስቶ ነበር፣ ይሄን መደበቅ የለብንም፣ አንድ ሴሚስተር ሰርተን ብናቆም ምን እንደሚሆን ይነግረናል።

ለኔ ከሁሉም የሚጠቅመን የዴልሂው ነው። ማይንድስፓርክ የሚባል ሶፍትዌር ነው፣ ልጆቹ ከኛ ተለቅ ያሉ ከ6ኛ እስከ 9ኛ ክፍል፣ መጀመሪያ ሲፈተኑ 6ኛ ክፍል ያለው ልጅ በአማካይ ከሁለት ክፍል በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ሶፍትዌሩ ያለበት ቦታ ድረስ ወርዶ ጀመረለት። ሰዓቱን እንዴት እንደከፈሉት ተመልከቱ፣ 45 ደቂቃ ከሶፍትዌሩ ጋር፣ 45 ደቂቃ በትንሽ ቡድን ከሰው ጋር። በአራት ወር ተኩል ውስጥ ሂሳብም ሂንዲም ላይ ትልቅ ለውጥ መጣ፣ ከነበሩበት አንፃር ሲታይ ደግሞ በጣም የተጠቀሙት ደካማ የነበሩት ናቸው፣ ምክንያቱም እነሱ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ምንም አልተማሩም ነበር።

አፍሪካ ውስጥም ማላዊ ላይ መንግስት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በቺቼዋ ቋንቋ በተሰራ ሶፍትዌር፣ በሶላር ቻርጅ በሚደረግ ታብሌት ወደ ት/ቤቶች እያስገባ ነው። በገዛ ቋንቋቸው መሆኑን ልብ በሉ። እኛ ጋ የዓለም ባንክ ባወጣው መሰረት 10 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 90 በመቶው አጭር ፅሁፍ አንብበው አይረዱም። ስለዚህ ሃደ ኢፋ ያሉት የንባብ ጉዳይ ከሂሳቡ ጎን መግባት አለበት። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል ድረ ገፅ ላይ በኦሮምኛም በአማርኛም አጫጭር የልጆች ተረቶች በነፃ አሉ፣ ዳውንሎድ አድርጎ ታብሌቱ ላይ መጫን ይቻላል።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
የዴልሂውን ያመጣኸው ጥሩ ነው ወንድሜ፣ እኔ ጋ ከሰው ጋር የምትለው ግማሽ ናት የጎደለችው።

መምህርት ከጅሬን፦
ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት። ሁለት ልጅ በአንድ ታብሌት የሚለውን ትቼዋለሁ። ሁለት ሆነው ከሰሩ ሪፖርቱ ላይ 35 ብሎ የመለሰው የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እኔ ደግሞ ይሄን ለማወቅ ነው መጀመሪያውኑ የፈለኩት። ስለዚህ ክፍሉን ለሁለት እከፍለዋለሁ፣ ግማሹ ለየብቻው ታብሌት ይይዛል፣ ግማሹ ከኔ ጋር ወለል ላይ በእንጨት ይሰራል፣ በፔሬዱ መሃል ይቀያየራሉ።

እንጨቱ ማለት አስር አስር አድርገን በክር ያሰርነው ጭራሮ ነው። 52 ማለት አምስት እስርና ሁለት ነጠላ። 27 አንሳ ስትለው ሁለት ነጠላ ብቻ ነው ያለው፣ ሰባት አይሞላለትም፣ ስለዚህ አንዱን እስር በእጁ ይፈታና አስራ ሁለት ነጠላ ያደርገዋል፣ ከዛ ሰባቱን ያነሳል። አንድ ልጅ እስሩን ሲፈታ ነው የገባው፣ እንዴ አስሩ እኮ እዚህ ውስጥ ነበር አለኝ። ይሄን ታብሌት ሊያደርገው አይችልም። ታብሌቱ ግን ከዛ በኋላ ያንኑ ልጅ ደጋግሞ ሊያሰራልኝና ሲሳሳት ሊያሳየኝ ይችላል።

ቀኑ ሰኞ ረቡዕ አርብ ይሆናል፣ ሐሙስን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ቡና ለቀማ ሄደው የሚመለሱ ልጆችም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የቀረኝ ችግር አንድ ነው፣ እኔ ወለል ላይ ከግማሹ ጋ ስሆን ታብሌት የያዙትን የሚያይ ሰው ያስፈልገኛል።

የትምህርት ጥናት ተማሪ፦
እኛ ጋ እንሞክራለን። ዩኒቨርስቲው በማህበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው የሚታወቀው፣ ተማሪዎች ወደ ህብረተሰቡ ወጥተው እንዲሰሩ ይጠበቃል፣ ዲፓርትመንቱን አናግሬ በሳምንት ሦስቱን ቀን የሚመጣ ሰው አፈላልጋለሁ። ኦሮምኛም አማርኛም የሚችል እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
አሁን የምትይው ገባኝ፣ እንጨቱን ሳይ ደስ አለኝ። አስተማሪው ስራ ላይ ካለ እኔ ምን አከራከረኝ። ሁለት ነገር ግን አደራ። ከመጀመርሽ በፊት ልጆቹን በወረቀት ፈትኚ፣ በታብሌት አይደለም በወረቀት፣ ያለበለዚያ መጨረሻ ላይ የተሻሻለው ሂሳቡ ይሁን ስክሪን መንካቱ አታውቂውም። ሌላው 4ኛ ክፍል ሁለት ሴክሽን ካላችሁ አንዱ በዚህ ሴሚስተር አንዱ በሚቀጥለው ይጀምር፣ ሁለቱን ሴክሽን አንድ ዓይነት ፈተና ስትሰጪ ልዩነቱን ታዪዋለሽ፣ ማንም ልጅም ሳያገኝ አይቀርም። እና ሌላ አስተማሪ አብሮሽ ይልመደው፣ አንቺ ዝውውር ብትወጪ ወይ ብትወልጂ ሳጥኑ ቁልፍ ውስጥ እንዳይገባ።

መምህርት ከጅሬን፦
መምህር እድሜ ይስጥልን፣ የሴክሽኑ ሃሳብ በጣም ጥሩ ነው፣ ር/መምህሩን ነግሬዋለሁ ተስማምቷል። ከኦሮምኛው ክፍል አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ አብራኝ ልትሰራ ነው።

ሃደ ኢፋ፦
ቻርጅ ማድረጊያው የት ነው የሚሆነው? ማታ ት/ቤት ውስጥ ከሆነ ዘበኛው ብቻውን ነው፣ አጥሩ በኋላ በኩል ክፍት ነው፣ ሌባ ያውቃል። ለወላጆች በግልፅ ተነግሮ የሰፈሩ ሰው የኔ ነው ብሎ ካልጠበቀው ወር አይቆይም። ስብሰባ ጥሩ፣ እኔ እናቶቹን አመጣለሁ።

ቴክኒሻን ቦሳ፦
ሃደ ኢፋ ያሉት ልክ ነው፣ የብረት ሳጥን እናሰራለን፣ ቻርጀሮቹን ውስጡ አስሮ አንድ ሶኬት ብቻ የሚወጣው። መምህርት አንቺ የልጆቹን ስም ዝርዝር በሴክሽን ለይተሽ ስጪኝ፣ አንድ በአንድ አካውንት ከምንከፍት ዝርዝሩን ፋይል አድርገን በአንዴ እናስገባዋለን። የይለፍ ቃል አያስፈልጋቸውም፣ ስማቸውን ነክተው እንዲገቡ ማድረግ ይቻላል፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ሳምንት ረሳሁት በማለት ያልቃል።

የአጋሮ መምህር፦
እህቴ ያ የወረቀት ፈተና ከተዘጋጀ ለኛም ብትልኪልን፣ እኛ ታብሌት የለንም ግን ልጆቻችን የቱ ጋ እንደቀሩ ለማወቅ በጭራሮውም ቢሆን እንጀምራለን።

መምህርት ከጅሬን፦
እሺ ወንድሜ፣ ታይፕ አድርጌ እንደጨረስኩ እዚሁ አስቀምጠዋለሁ። ከነጠላ ቁጥር መደመር ጀምሮ እስከ ማባዛት ነው፣ መበደር ያለውና የሌለው መቀነስ ለየብቻ ስለሆነ ልጁ የወደቀበት ወዲያው ይለያል። የኦሮምኛውን መመሪያ ጓደኛዬ እየፃፈችው ነው።